ባለ አርባ ሰከንዱ በራሪ፤ የኮሎኔል ጆን ቦይድ ሕይወትና ሙያ

የተዋጊ አውሮፕላን በራሪዎች ዝና እንደ ልማድ የሚለካው በጦር ሜዳ በጣሏቸው የጠላት አውሮፕላኖች ቁጥር ነው። አሜሪካዊው ኮሎኔል ጆን ቦይድ በዚህ መለኪያ ቢመዘን ስሙ ከመዝገብ ባልገባ ነበር፤ በሕይወት ዘመኑ አንድም የጠላት አውሮፕላን አልጣለምና። ይሁን እንጂ በጄት ተዋጊዎች አሠራርና አበራረር ላይ የእርሱን ያህል አሻራ የተወ በራሪ ማግኘት ያስቸግራል። ዝናውን ያተረፈው በልምምድ ፍልሚያ፣ ይኸውም የአንድ ወገን በራሪዎች ጥይት ሳይተኩሱ እርስ በርሳቸው በሚያደርጉት ግጥሚያ ነው። ታላቅነቱ ግን በማሸነፉ ላይ ብቻ የቆመ አይደለም። የሚያሸንፍበትን ጥበብ ማንም ሊማረው ወደሚችል ዕውቀት በመለወጡ ጭምር ነው።

ጆን ቦይድ እ.ኤ.አ. በ1927 በፔንስልቬኒያ ክፍለ ግዛት፣ በኢሪ ከተማ ተወለደ። ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አባቱ በሳንባ ምች ስለ ሞተ፣ እናቱ በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን አምስት ልጆች የማሳደግ ኃላፊነት ብቻዋን ወደቀባት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ በኋላ በጃፓን በወታደርነት አገልግሎ ተመለሰ፤ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲም የኢኮኖሚክስ ትምህርቱን በ1951 አጠናቅቆ አየር ኃይል ገባ።

በ1953 ወደ ኮርያ ዘምቶ ኤፍ-86 ሴበር የተባለውን ተዋጊ ጄት ያበር ጀመር። ይህ አውሮፕላን በኋላ በ1960ዎቹ ለኢትዮጵያ አየር ኃይልም ያገለገለ በመሆኑ ለኢትዮጵያውያን የሙያው ሰዎች እንግዳ አይደለም። ቦይድ የተሰለፈው በተከታይነት፣ ማለትም የመሪውን በራሪ ጀርባ በመጠበቅ ነበር። 22 ጊዜ ለግዳጅ ከበረረ በኋላ፣ መሪ ለመሆን ሳይበቃ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የተኩስ አቁም ስምምነት ተፈረመ።

ከዚያ ጦርነት አንድ ጥያቄ ይዞ ተመለሰ። ሶቪየት ሠራሹ ሚግ-15 ከሴበር ይልቅ ከፍ ብሎ የሚበርና ፈጥኖ ከፍታ የሚይዝ ነበር። ታዲያ በፍልሚያው ሴበር ስለምን በለጠ? አሜሪካኖች በጊዜው አሥር ለአንድ ሲሉት የነበረው ቁጥር በኋለኞቹ ጥናቶች በእጅጉ ዝቅ ቢልም፣ የብልጫው ምክንያት ግን መመርመር ነበረበት። የበራሪዎቹ ልምድ አንዱ መልስ ነው። ቦይድ ግን ሌላም አስተዋለ። የሴበር በራሪ ዙሪያውን ለማየት የሚያስችል የመስታወት ክዳን ነበረው፤ መሪው በሃይድሮሊክ ኃይል የሚሠራ በመሆኑም ከአንዱ እንቅስቃሴ ወደ ሌላው ያለ ድካም ይሸጋገራል። የሚጉ በራሪ በከፍተኛ ፍጥነት ላይ መሪው እየከበደው ይዘገያል። ስለዚህ ድሉ ፈጥኖ ለሚሄደው ብቻ ሳይሆን ፈጥኖ ለሚለዋወጠው እንደሆነ ተረዳ።

ከኮርያ መልስ በኔቫዳ፣ በላስ ቬጋስ አጠገብ በሚገኘው በኔሊስ የአየር ሰፈር፣ የተዋጊ በራሪዎችን የመሣሪያ ትምህርት ቤት ተከታትሎ እዚያው አስተማሪ ሆነ። ስሙን ያስጠራው ውርርድ የተጀመረው በዚህ ቦታ ነው። ተጋጣሚው ከኋላው፣ ለመተኮስ እጅግ በሚመቸው ሥፍራ እንዲቆም ይፈቅድለታል። ከዚያ በ40 ሰከንድ ውስጥ ቦታ ተለዋውጦ እርሱ ከተጋጣሚው ኋላ ካልተገኘ 40 ዶላር ይከፍላል። ከልዩ ልዩ ክፍሎች በራሪዎች ሊፈትኑት መጡ። የሥራ ባልደረቦቹ እንደመሰከሩት ውርርዱን ተሸንፎ ከፍሎ አያውቅም፤ ባለ አርባ ሰከንዱ ቦይድ የሚል ቅጽል ስምም ወጣለት።

የሚያበረው ኤፍ-100 ሱፐር ሴበር የብዙ በራሪዎችን ሕይወት የቀጠፈ አስቸጋሪ አውሮፕላን ነበር። አፍንጫው ቀና ብሎ ፍጥነቱ ሲቀንስ፣ በራሪው ለመገልበጥ ዘንጉን ወደ ጎን ከገፋ አውሮፕላኑ በተቃራኒው ይዞርና ከቁጥጥር ይወጣል። ቦይድ በዚህን ጊዜ ዘንጉ መካከል ላይ ተይዞ፣ አውሮፕላኑ በእግር በሚገፋው የጅራት መሪ ብቻ መገልበጥ እንዳለበት ተማሪዎቹን ያስተምር ነበር። በግጥሚያውም ዘንጉን በድንገት እስከ መጨረሻው ወደ ራሱ ይስበዋል። አውሮፕላኑ ሆዱን ለነፋስ ሰጥቶ እንደ ሰፊ ሳህን ይቆምና ፍጥነቱ ባንድ ጊዜ ይወድቃል፤ አሳዳጁ ራሱን መግታት አቅቶት ሲያልፍ ቦይድ በጅራት መሪው ገልብጦ ከኋላው ይገባል።

በዚያ ዘመን የአየር ፍልሚያ አብሮ የሚወለድ ተሰጥዎ ነው፣ ሊጻፍም ሆነ ሊተነተን አይችልም የሚለው እምነት የጸና ነበር። አሸናፊው ቦይድ ይህን እምነት ደግፎ ቢቀመጥ ክብሩ ለብቻው በተጠበቀለት ነበር። እርሱ ግን ሌሊት ሌሊት በመቅረጫ ድምፁን እየቀዳ፣ በ1960 የአየር ጥቃት ጥናት የተባለውን 150 ገጽ ያህል መምሪያ አዘጋጀ። በመምሪያው እያንዳንዱ የጥቃት ስልት ከነመከላከያው፣ መከላከያውም ከነማፍረሻው በተራ ተዘርዝሯል። በምሥጢርነት ተመድቦ የነበረው ይህ ጽሑፍ በኋላ ለሌሎች አገሮች አየር ኃይሎች ጭምር መማሪያ ሆነ።

ቀጥሎ በጆርጂያ የቴክኖሎጂ ተቋም የምህንድስና ትምህርት ተምሮ በ1962 ተመረቀ። የቴርሞዳይናሚክስ ትምህርት ስለ ጉልበት መለዋወጥ የሚሰጠው ሐሳብ የኔሊስን ግጥሚያዎች በአዲስ ዓይን እንዲያይ አደረገው። ከፍታ የተጠራቀመ ጉልበት ነው፤ ፍጥነትም እንዲሁ፤ በራሪው አንዱን በሌላው ይመነዝራል። በፍሎሪዳ፣ በኤግሊን ሰፈር፣ ቶማስ ክሪስቲ ከተባለ የሒሳብ ሊቅ ጋር ተባብሮ ሐሳቡን በስሌት አቆመው። ከሞተሩ ግፊት ላይ አየሩ ወደ ኋላ የሚጎትትበት ኃይል ይቀነሳል፤ የቀረው በፍጥነት ተባዝቶ ለክብደት ይካፈላል። ውጤቱ አውሮፕላኑ በዚያች ቅጽበት ለመውጣት ወይም ለመፍጠን የቀረውን አቅም ያሳያል። ስሌቱ ብዙ የኮምፒዩተር ሰዓት የሚጠይቅ ነበርና፣ ሥራው በደንብ ያልተፈቀደለት ቦይድ ሰዓቱን በሌላ ሥራ ስም እያስያዘ ተጠቀመ። በዚህም ለምርመራ ቀረበ።

የስሌቱ ውጤት ለአለቆቹ ደስ የሚያሰኝ አልነበረም። የአሜሪካና የሶቪየት ተዋጊዎች ጎን ለጎን ሲመዘኑ፣ በብዙ የከፍታና የፍጥነት ክልሎች የሶቪየቶቹ የተሻሉ ሆነው ተገኙ። እውነቱ በቬትናም ሰማይ ታየ። ሚሳይል የቅርብ ፍልሚያን ዘመን አሳልፎታል ተብሎ ስለ ታመነ፣ በመጀመሪያ የተሠሩት ኤፍ-4 ጄቶች መድፍ አልነበራቸውም፤ አብዛኞቹ በራሪዎችም በፍልሚያ በቂ ልምምድ አላገኙም። ጉዳቱ ከታየ በኋላ የባሕር ኃይሉ በ1969 የፍልሚያ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ አየር ኃይሉም በ1972 በኔሊስ የጠላትን ስልት የሚጫወት ስኳድሮን አቋቋመ። ይህ ስኳድሮን በኋላ ሚግ-21ን እንዲመስል የመረጠው ትንሹን ኤፍ-5ኢ ነው። ኔሊስ በልምምድ ያቀረበው ይህ ግጥሚያ በ1977 በኦጋዴን ሰማይ በኢትዮጵያ ኤፍ-5ና በሶማሊያ ሚግ-21 መካከል በእውን ተካሂዷል።

ቦይድ በ1966 ወደ ፔንታጎን ተዛውሮ፣ ሊገዝፍ የነበረውን የአዲስ ተዋጊ ዕቅድ በስሌቱ እየሞገተ ኤፍ-15 ይበልጥ ቀላል ሆኖ እንዲወጣ ረዳ። ያም አልበቃውምና ከጥቂት ባልደረቦች ጋር ሆኖ ለቀላልና ርካሽ ተዋጊ ተከራከረ። ከሁለት ናሙናዎች መካከል ኤፍ-16 በጥር 1975 ተመረጠ፤ ሁለቱንም የሞከሩት በራሪዎች የወደዱት ከአንዱ እንቅስቃሴ ወደ ሌላው በመሸጋገር ፍጥነቱ ነበር። ሆኖም አውሮፕላኑ በኋላ ሌላ ተግባርና መሣሪያ ተጨምሮበት ሲከብድ ቦይድ አዘነ። ይህ መጨመር አውሮፕላኑን ለብዙ ዓይነት ግዳጅ እንዳበቃው ግን መካድ አይቻልም። የልምምድ ፍልሚያም ቢሆን ወሰን አለው፤ ሁለቱ ተጋጣሚዎች ተያይተው ይጀምራሉ፤ በጦርነት ግን ብዙው በራሪ የመታውን ሳያይ ይወድቃል።

ጠባዩ ሻካራ ነበር። ጮኾ ይናገራል፤ የበላዮቹን ፊት ለፊት ይዘልፋል። በ1975 በኮሎኔልነት ጡረታ ወጣ፤ ጄኔራል አልሆነም። ለሥራው የሰጠው ሌሊት ሁሉ ከሚስቱና ከአምስት ልጆቹ የተወሰደ ነበር፤ በኑሮም በልብም ዋጋውን ከእርሱ ጋር ከፍለዋል። ከጡረታ በኋላ የፍልሚያውን ትምህርት ወደ ጦርነት ሁሉ አስፋፍቶ፣ ማየት፣ ሁኔታን መገንዘብ፣ መወሰንና መፈጸም የሚሉትን አራት ደረጃዎች አስተማረ። ይህን ከልብ የተቀበለው የማሪን ጦር ሲሆን፣ በ1989 ባወጣው የውጊያ መምሪያ ላይ የቦይድ ሐሳብ ጎልቶ ይታያል።

ቦይድ በመጋቢት 1997 በፍሎሪዳ በካንሰር በሽታ አርፎ በአርሊንግተን የመቃብር ሥፍራ ተቀበረ። ሕይወቱን ከሰጠው ከአየር ኃይሉ ለቀብሩ የመጡት ጥቂቶች ነበሩ፤ ማሪኖች ግን ተገኝተው አከበሩት፤ ወረቀቶቹም በእነርሱ ቤተ መዛግብት፣ በኳንቲኮ ተቀምጠዋል። የአርባ ሰከንዱ ውርርድ ከባለቤቱ ጋር አልፏል። በኔሊስ የሚጋጠሙ ወጣት በራሪዎች ግን ዛሬም የአውሮፕላናቸውን አቅም የሚያነቡት ከእርሱ ስሌት በወጣ ሠንጠረዥ ነው፤ ይህንንም የሚያደርጉ ብዙዎቹ የባለቤቱን ስም ሰምተው አያውቁም።