ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ

የቤተሰብ ሕክምና ሠልጣኝ በውስጥ ደዌ፣ በሕፃናት፣ በማዋለጃና በቀዶ ሕክምና ክፍሎች እየተዘዋወረ ይማራል። ይህ ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2005 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ግን አንድ ኢትዮጵያዊ በባዕድ አገር ሐኪም ሆኖ ነበር።

ሐኪም ወርቅነህ የተወለዱት በጎንደር ነው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር ስትያዝ ከወላጆቻቸው የተለዩ ሕፃን ነበሩ፤ አንድ እንግሊዛዊ መኮንን አንሥቶ ወደ ሕንድ ወሰዳቸው። እርሱ ሲሞት ኮሎኔል ማርቲን የተባለው መኮንን የትምህርታቸውን ወጪ ቻለ፤ እርሳቸውም ቻርልስ ማርቲን ተባሉ። በላሆር ሕክምናን ተምረው፣ በስኮትላንድ ዕውቀታቸውን አዳብረው በበርማ አገለገሉ።

ከዐድዋ ድል ጥቂት ዓመታት በኋላ አገራቸው ሲገቡ ግን አማርኛ ጠፍቶባቸው ነበር። አያታቸው ልጃቸውን የለዩት በገላቸው ላይ በነበረው ጠባሳ ነው። ሆስፒታሎች ያስጨበጧቸው ጥበብ በእጃቸው ነበር፤ የሕመምተኛውን ቃል ለመስማት ግን አስተርጓሚ አስፈለጋቸው። ቋንቋውን እንደገና ከተማሩ በኋላ በሕክምና፣ በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ኃላፊነት፣ በጨርጨር አገረ ገዥነትና በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትርነት አገራቸውን አገለገሉ። ያረፉት በ1945 ዓ.ም. ነው።

በቦንጋ ከተማና በካፋ ገጠር የሚሠራ ወጣት ሐኪምም ይህንኑ ፈተና ይጋፈጣል። ካፊኛ ብቻ የምትናገር እናት የልጇን ሕመም ስትነግረው ካልገባው፣ በየክፍሉ ተዘዋውሮ የሸመተው ዕውቀት ከደጃፏ አይሻገርም። የሐኪም ወርቅነህ ሕይወት የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው፤ ሐኪም ትምህርቱን የሚፈጽመው የሕሙማኑን ቋንቋ ሲያውቅ ነው።