የቅማሉ ፕሮፌሰር፦ ሩዶልፍ ቫይግል (1883–1957)

ከላላ ወይም መካነ ሰላም ላደገ ሰው ተስቦ አዲስ ነገር አይደለም። በደጋው ብርድ ጋቢና ቡሉኮ ከትከሻ አይወርድም፣ ቅማሉም እንደዚያው። እኛ ላብራቶሪ የተማርን ግን ከበሽታው ጋር የተዋወቅነው በባክቴሪያው ስም በኩል ነው። ሪኬትሲያ ፕሮዋዜኪ የሚለው ስም የተወሰደው ተስቦን ሲያጠኑ ይዟቸው ከሞቱ ሁለት ሰዎች ነው፦ ሪኬትስ በ1910 ሜክሲኮ፣ ፕሮዋዜክ በ1915 ጀርመን። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፖላንዳዊው ቫይግል በልቮቭ ከተማ ሥራውን የጀመረው ይህን እያወቀ ነው። ባክቴሪያው ሕይወት ካለው ሴል ውጭ ስለማያድግ እንደ ሌላው ሳህን ላይ አይዘራም። ስለዚህ ማብቀያው ቅማሉ ራሱ ሆነ። በማይክሮስኮፕ እያዩ፣ በጣም በቀጠነ የመስታወት ቧንቧ፣ ባክቴሪያውን በቅማሉ ፊንጢጣ ማስገባት ነው። ከዚያ ቅማሉ ደም ይፈልጋል፤ ደሙም የሰው ነው። ቅማሎቹ ወንፊት ባለው ትንሽ ሳጥን ተደርገው በቀላቢው እግር ላይ ይታሰራሉ። በኋላ አንጀታቸው ወጥቶ ይፈጫል፣ ባክቴሪያው በፌኖል ይገደላል፣ ክትባት ይሆናል።

አደጋው ንክሻው የሚመስለው ብዙ ነው። አይደለም፣ ሰገራው ነው። ሲደርቅ አቧራ ሆኖ በትንፋሽ ይገባል፤ ሲያሳክክም በጭረት። ጓንት ብቻውን አያድንም ማለት ነው። ቫይግል ራሱ ተይዞ ድኗል። ለዚህም ነው የተበከለ ቅማል ለመቀለብ አስቀድሞ መከተብ ግድ የነበረው። ዛሬም ይህን ባክቴሪያ ለማሳደግ ደረጃ ሦስት ላብራቶሪ ያስፈልጋል።

በ1939 መጀመሪያ አዲስ አበባ መጥቶ ለጥቂት ወራት ተስቦን አጠና። የጋበዙት ጣሊያኖች ናቸው፤ አገራችን በወረራ ሥር ነበረች። ይህ ቅር ያሰኛል፣ ግን ሳይነሳ ቢታለፍ ደስ አይልም።

ሁለት ዓመት አልፎ፣ በ1941 ጀርመኖች ልቮቭን ሲይዙ እሱም በጀርመን ወረራ ሥር ወደቀ። ክትባቱን ለጦራቸው ስለፈለጉት ቤተ ሙከራው አልተዘጋም። እሱም ምሁራንንና የሚታደኑ ሰዎችን ቅማል ቀላቢ አድርጎ ቀጠረ፤ የሥራ ወረቀቱ ከመታፈስ ያድናል፣ ወታደሩም ተስቦ ፈርቶ አይጠጋም። ታላቁ የሒሳብ ሊቅ ስቴፋን ባናኽ ሳይቀር ቀልቧል! ክትባቱም በድብቅ አይሁዶች ወደታጎሩበት ሰፈር ገባ።

ለኖቤል ደጋግሞ ቢታጭም አላገኘም። በ1957 ዛኮፓኔ ውስጥ አረፈ። እስራኤል በ2003፣ አይሁዶችን ላዳኑ ሰዎች የምትሰጠውን ክብር ሰጠችው።