ሃሪ ግሬብ፤ በአንድ ዓይን የተዋጋው ቦክሰኛ

ከራት በኋላ በመኝታ ክፍላችን ከሚነሡት ክርክሮች ሁሉ ጩኸት የሚበዛበት የስፖርት ክርክር ነው። ባለፈው ሰሞንም ከመካከለኛ ክብደት ቦክሰኞች ሁሉ የሚበልጠው ማን ነው የሚል ጥያቄ ተነሥቶ፣ እኩሌቶቹ ሹገር ሬይ ሮቢንሰንን፣ እኩሌቶቹ አርጀንቲናዊውን ካርሎስ ሞንዞንን፣ ሌሎችም ማርቪን ሃግለርን እየጠሩ እስከ እኩለ ሌሊት ተሟገቱ። እኛ በበኩላችን የሃሪ ግሬብን ስም ብናነሣ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ሆነ፤ የሚያውቁትም አንድ የግጥሚያ ፊልም እንኳ ያልተገኘለትን ሰው በምን እንመዝነዋለን ብለው አፋችንን አስያዙን። ስለዚህ ያን ማታ ያላለቀውን ክርክር በዚህ ገጽ ለመቀጠል አስበን የሰውየውን ሕይወት ባጭሩ እናቀርባለን። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ግሬብ ጁን 6 ቀን 1894 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በብረት ፋብሪካዎቿ በታወቀችው በፒትስበርግ ከተማ ተወለደ። አባቱ ከጀርመን አገር የመጡ ስደተኛ ነበሩ። በ1913 ለገንዘብ መጋጠም ሲጀምር ቁመቱ 1 ሜትር ከ73 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር፤ ክብደቱም ከመካከለኛው ወሰን፣ ማለት ከ72 ኪሎ ተኩል ብዙ አይርቅም። ተጋጣሚውን በአንድ ምት የሚዘርር ክንድ አልነበረውም። ኃይሉ በፍጥነቱና በማይደክም ሳንባው ላይ ነበር። እጆቹ ከግራም ከቀኝም፣ ከላይም ከታችም ያለ ዕረፍት ስለሚወርዱ የፒትስበርግ የነፋስ ወፍጮ የሚል ቅጽል ስም ወጣለት።

በ13 ዓመት ውስጥ 300 ያህል ግጥሚያ አድርጓል፤ በ1919 ብቻ 45 ጊዜ ወደ መድረክ ወጥቷል። የዛሬ ሻምፒዮን በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቢጋጠም ብዙ ሠራ የሚባል መሆኑን አንባቢ ያስታውስ። በዚያን ዘመን በብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ዳኞች በነጥብ እንዳይፈርዱ ሕግ ስለሚከለክል፣ በዝረራ ያላለቀውን ግጥሚያ ማን እንዳሸነፈ የሚነግሩት በማግሥቱ የሚወጡት ጋዜጦች ነበሩ። የግሬብ መዝገብ ለቆጣሪ የሚያስቸግረውም ስለዚህ ነው።

ነገር ግን ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስደንቀው የተጋጣሚዎቹ ማንነት ነው። በዚያን ጊዜ ነጭ ሻምፒዮኖች ከጥቁር ቦክሰኞች ጋር ላለመጋጠም የቀለም አጥር አጥረው ነበር። ጃክ ዴምፕሲ ከ1919 እስከ 1926 የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆኖ ሲኖር፣ ሃሪ ዊልስ የተባለው ጥቁር ቦክሰኛ ደጅ ሲጠና ዕድሜው አለፈ። ግሬብ ግን ይህን አጥር አላከበረም። በ1921 በገዛ ከተማው በክብደት ከሚበልጠው ከጥቁሩ ኪድ ኖርፎክ ጋር ገጠመ። በዚህ ግጥሚያ ቀኝ ዓይኑ ክፉኛ ተጎዳ፤ ውሎ አድሮም ጨርሶ ጠፋ። ሐኪሞች ቢያውቁ ከቦክስ እንደሚያግዱት ስለ ተረዳ ነገሩን ሸሸገ፤ ሕዝቡም በግማሽ ጨለማ ውስጥ የሚዋጋ ሰው እያየ መሆኑን ሳያውቅ ያጨበጭብ ነበር።

የሚበልጠው ሥራው የመጣው ከዚህ ጉዳት በኋላ ነው። ሜይ 23 ቀን 1922 በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ከጂን ተኒ ጋር ለአሜሪካ የቀላል ከባድ ክብደት ማዕረግ ገጠመ። ተኒ በአምስት ኪሎ ያህል ይከብደው ነበር። ግሬብ ግን በመጀመሪያው ዙር አፍንጫውን ሰብሮ አሥራ አምስቱን ዙር ደም በደም አድርጎ ረታው። ይህ ተኒ በሕይወቱ የተሸነፈበት ብቸኛ ግጥሚያ ነው፤ በ1926 ዴምፕሲን ጥሎ የዓለም ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የሆነውም ይኸው ተኒ ነው። እውነቱን ላለመሸሸግ፣ ሁለቱ ከዚያ በኋላ አራት ጊዜ ሲገናኙ ግሬብ አንዱንም በይፋ አላሸነፈም።

በ1923 ሚስቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞታ ትንሽ ሴት ልጅ ተወችለት። በዚያው ዓመት ኦገስት 31 ቀን ጆኒ ዊልሰንን አሸንፎ የዓለም መካከለኛ ክብደት ሻምፒዮን ሆነ። በ1925 ደግሞ ኃይለኛውን ሚኪ ዎከርን በ15 ዙር ረታ። ጠባዩ ግን ሁሉ የሚመሰገን አልነበረም። ተጋጣሚውን በአውራ ጣት ዓይኑን መውጋት፣ በአንድ እጅ ይዞ በሌላው መምታት፣ በራስ ቅል መግጨት ልማዱ እንደ ነበረ የዘመኑ ሰዎች መስክረውበታል። የምናመሰግነው መልአክ አድርገን አይደለም።

ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1926 ዘውዱን ይዞ ከታይገር ፍላወርስ ጋር ገጠመ። ፍላወርስ የጆርጂያ ተወላጅና የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የሆነ ጥቁር ሰው ነበር። ዳኞቹ ተከፋፍለው በብዙኃን ድምፅ ለፍላወርስ ፈረዱ፤ እርሱም የመጀመሪያው ጥቁር የመካከለኛ ክብደት ሻምፒዮን ሆነ። በኦገስት የተደረገው የመልስ ግጥሚያም እንዲሁ ተፈጸመ። ግሬብ ከዚያ በኋላ መድረኩን ተወ፤ የታወረውንም ዓይን አስወጥቶ የመስተዋት ዓይን አስገባ። ኦክቶበር 22 ቀን በአትላንቲክ ሲቲ ለፊቱ ቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ ከወሰደ በኋላ ልቡ ደክሞ በ32 ዓመቱ ሞተ። ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ አፍንጫውን የሰበረው ጂን ተኒ ነበር።

እንግዲህ ፊልም የለውም ለሚሉን ጓደኞቻችን ሁለት መልስ አለን። ከልምምዱ አጭር ፊልም ተርፏል፤ የግጥሚያው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ይሁን እንጂ ጥቁሩ ጃክ ጆንሰን በ1910 ነጩን ጄፍሪስን ድል ባደረገ ጊዜ፣ ያ ፊልም ነጮቹን ስላስቈጣ የአሜሪካ መንግሥት በ1912 የቦክስ ፊልም ከግዛት ወደ ግዛት እንዳይዘዋወር በሕግ ከለከለ። ሕጉ የተሻረው በ1940 ነው። ለገበያ የማይወጣ ፊልም ማን ያነሣል? ግሬብን ከዓይናችን ለመሸሸግ የረዳው፣ እርሱ በመድረክ ላይ የናቀው ያው የቀለም አጥር ነው። ሁለተኛም፣ እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ፊልም ያልተነሣላቸውን ነገሥታትና የጦር መሪዎች በመዝገብና በምስክር እየመዘንን ፈተና እንቀመጣለን፤ ለቦክሰኛው ሲሆን ስለ ምን ሌላ ሚዛን እናወጣለን?

ሮቢንሰን ይህን ማዕረግ አምስት ጊዜ አሸንፏል፤ የእጁን ውበት በዓይናችን አይተናል፤ አንክደውም። ሞንዞንም ሃግለርም ለዓመታት ማንም ሳይነቀንቃቸው ነግሠዋል። እኛ ግን ሻምፒዮንን የምንመዝነው ማንን እንዳሸነፈ ብቻ ሳይሆን ማንን እምቢ እንዳለም ጠይቀን ነው። ግሬብ የሚከብደውን እምቢ አላለም፤ ዓይኑ ጠፍቶ እምቢ አላለም፤ ሌሎች በር የዘጉበትን ጥቁር ሰው እምቢ አላለም፤ ዘውዱንም ያጣው በዚሁ ነው። በዚህ ሚዛን የሚበልጠው ካለ፣ የሮቢንሰን ወገኖች መልሳቸውን ለሚቀጥለው እትም ይላኩልን።