ኒኮላ ቴስላ እና በአምፖል ውስጥ ያለው መብረቅ

ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ይዘው ልጁን ምኒልክን በምርኮ በወሰዱበት በ1848 ዓ.ም.፣ ዛሬ ክሮኤሽያ በምትባለው አገር፣ ስሚልያን በተባለች መንደር አንድ ልጅ ተወለደ። ስሙ ኒኮላ ቴስላ ነው። አባቱ የሰርብ ኦርቶዶክስ ቄስ ነበሩ። እናቱ ፊደል ያልቆጠሩ ቢሆኑም የቤት ሥራ መሣሪያዎችን በገዛ እጃቸው ይሠሩ ነበር፤ ልጅየውም የፈጠራ ችሎታውን ከሳቸው እንደወረሰ ይናገር ነበር።

አባት ልጃቸው እንዲቀስስ ይፈልጉ ነበር። ልጁ ግን በ1873 እ.ኤ.አ. ኮሌራ ይዞት ለሞት ሲቃረብ፣ ከዳነ ምሕንድስና እንዲማር ቃል ገቡለት። ዳነ። ግራዝ በሚገኘው ፖሊቴክኒክ ገብቶ ሳይመረቅ ወጣ (ሠልጣኞች ይህቺን ለምሳሌ እንዳትወስዷት)። በ1884 ኒው ዮርክ ገባ፤ በኤዲሰን ድርጅት ጥቂት ወራት ሠርቶ ለቀቀ፤ ሲቸግረውም ጉድጓድ ቆፈረ። በ1888 በተለዋዋጭ ጅረት የሚሠራ ሞተሩን በፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ ስሙም ተጠራ።

ለኛ ይበልጥ የሚጠቅመን ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። በ1891 በኒው ዮርክ፣ በ1892 ደግሞ በለንደንና በፓሪስ ሊቃውንትን ሰብስቦ ትርኢት አሳየ። አንድ ሽቦ ብቻ የገባበትን፣ አየሩ የሳሳ አምፖል አበራ፤ ሰው ሲጠጋው በውስጡ ያለው ብርሃን ይንቀሳቀስ ነበር። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው፣ እጅ ሲነካው መብረቅ መሳይ ክር የሚስበው የፕላዝማ ኳስ የዚያ አምፖል ልጅ ነው። ከፍተኛ ቮልቴጅም በገዛ ሰውነቱ ሲያሳልፍ ታይቷል። ተመልካቹ ጉድ አለ!

ታዲያ እንዴት አልገደለውም? ከግድግዳችን የሚወጣው ኮረንቲ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ይህ ፍጥነት ነርቭንና ልብን ክፉኛ ያውካል። የቴስላ ግን በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ የሚመላለስ ነበር። ነርቭ እንዲህ ያለውን ፍጥነት እምብዛም አይከተለውም፤ ቢሆንም ሥጋን ያቃጥላል። ሁለተኛው ነገር የጅረቱ ማነስ ነው። ቮልቴጁ የቱንም ያህል ቢበዛ፣ ምንጩ መስጠት የሚችለው ጅረት ጥቂት ከሆነ ጉዳቱም ያንሳል።

እዚህ ሰላ ድንጋይ ላይ ለክፍል መርጃ መሣሪያ ብሎ ጥርት ባለ አምፖል ይህንኑ ልሥራ የሚል ሠልጣኝ አይጠፋም። አምፖሉ ቀላል ነው፤ ሰው የሚሞተው በኃይል ምንጩ ነው። የማይክሮዌቭ ምድጃ ትራንስፎርመር 2,000 ቮልት ያህል፣ ያውም በ50 ዑደትና በገዳይ ጅረት ይሰጣል፤ ካፓሲተሩ ደግሞ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ይይዛል። ይሄ በፍጹም አይነካም! የአሮጌ ቴሌቪዥን ፍላይባክ ፈጣን ምልልስ ቢሰጥም ጉልበቱ በሚያንቀሳቅሰው ሰርኪዩት ይወሰናል፤ የሥዕል ቱቦውም ጠፍቶ ሳለ ሊመታ ይችላል። እኔ ብጠየቅ፣ መስተዋቱ ከተሰበረ የተገዛ ኳስ ላይ ትንሿን ሰርኪዩት ከነ12 ቮልት አዳፕተሯ አውጥታችሁ ተጠቀሙ እላለሁ። ጥቂት ሺህ ቮልት፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዑደት፣ ጉልበቷም ጥቂት ዋት ብቻ ነው። ጤነኛ አዳፕተር ከ220 ቮልቱ መስመር ይለያችኋል። የሽቦውን ጫፍ በፕላስቲክ ሸፍኑ፤ ከመስተዋቱ ላይ ሳንቲም አታስቀምጡ፤ በሳንቲሙ ላይ የሚዘል ብልጭታ ጣት ያቃጥላል። መስተዋቱ ከተሰነጠቀ ወዲያው ንቀሉ። የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ የተተከለለት ሰው አይጠጋው።

ወደ ቴስላ እንመለስ። በ1896 ከናያጋራ ፏፏቴ የመነጨው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ቡፋሎ ከተማ ደረሰ፤ ስሙ ገነነ። ኃይልን ያለ ሽቦ ለዓለም አስተላልፋለሁ ብሎ የጀመረው ግንብ ግን ገንዘብ አጥቶ ቀረ፤ በ1917 ፈረሰ። ትዳር አልያዘም፤ ኒው ዮርክ ውስጥ ከሆቴል ሆቴል እየተዘዋወረ እርግቦች ሲመግብ አረጀ። ታኅሣሥ 29 ቀን 1935 ዓ.ም.፣ እኛ ገናን በምናከብርበት ዕለት፣ በሆቴል ክፍሉ ብቻውን ሞተ። አመዱ ዛሬ ቤልግሬድ ከተማ በስሙ በተሰየመው ሙዚየም፣ በወርቅ በተለበጠ ኳስ ውስጥ ተቀምጧል።