ቅዱስ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት፦ ስለ ሰላም መንበሩን የለቀቀ አባት

በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ስለ ሃይማኖታቸው የታሰሩ፣ የተሰደዱና የሞቱ አባቶች እጅግ ብዙ ናቸው። በእጃቸው የገባውን ታላቅ መንበር ስለ ሰላም ሲሉ በገዛ ፈቃዳቸው የለቀቁ ግን ጥቂቶች ናቸው። ከነዚህ ጥቂቶች አንዱ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ነው። ምሥጢረ ሥላሴን አምልቶና አስፍቶ ስላስተማረ ነባቤ መለኮት ተብሎ ይጠራል። እኛ ግን ዛሬ ከትምህርቱ ይልቅ ኑሮውን እንመለከታለን፤ ይህ አባት ዕድሜውን ሙሉ በጠብና በመለያየት መካከል ኖሯልና። በአባቱ ቤት፣ ከልብ ወዳጁ ጋር፣ ከመናፍቃን ጋር፣ በመጨረሻም በሃይማኖት ከሚመስሉት ጳጳሳት ጋር የገጠመውን አለመግባባት እንዴት እንደያዘው ማወቅ ለኛ ለወጣቶች ብዙ ይጠቅመናል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጎርጎርዮስ በ329 ገደማ በቀጰዶቅያ፣ በእንዚናዙ ከተማ አጠገብ ተወለደ። አገሩ ዛሬ በቱርክ ግዛት ውስጥ ይገኛል። እናቱ ኖና እጅግ ጸሎተኛ ነበረች፤ ባልዋንም ወደ ክርስትና ያመጣችው እርስዋ ናት። አባቱ ስሙ እንደ ልጁ ጎርጎርዮስ ሲሆን፣ ካመነ በኋላ የእንዚናዙ ኤጲስ ቆጶስ ሆነ። በዚያ ዘመን ባለ ትዳር ሰው ለዚህ ማዕርግ ይመረጥ ነበር። ልጁ በቂሣርያ፣ በእስክንድርያና በአቴና ተምሮ በንግግርና በሥነ ጽሑፍ የታወቀ ሆነ። በአቴናም ከአገሩ ልጅ ከባስልዮስ ጋር አንድ ልብ ሆኖ ኖረ።

ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ፍላጎቱ በጸጥታ መጸለይና ማንበብ ነበር። ነገር ግን በ361 መጨረሻ ገደማ አባቱ ያለ ፈቃዱ ቅስና ሾመው። ጎርጎርዮስም ደንግጦ ወደ ባስልዮስ ገዳም ሸሸ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ራሱን አሸንፎ ወደ ምእመናኑ ተመለሰ። እዚያም የመጀመሪያው ፈተና ጠበቀው። በ325 የኒቅያ ጉባኤ አርዮስን ቢያወግዝም፣ ከዚያ በኋላ የተነሡ ነገሥታት ቃሉ ለሁለት የሚተረጐም የእምነት ጽሑፍ እያዘጋጁ ጳጳሳትን ያስፈርሙ ነበር። ሽማግሌው አባቱም ተንኰሉን ሳይረዳ ፈረመ። በዚህ ጊዜ በሃይማኖታቸው ጽኑ የሆኑ መነኰሳት ከእርሱ ተለዩ፤ የአንዲት ትንሽ ከተማ ምእመናንም ተከፈሉ።

ልጁ በዚህ ሰዓት ምን አደረገ? አባቱን አላዋረደም፤ መነኰሳቱንም ዐመፀኞች ብሎ አልሰደበም። አስቀድሞ የጠቡን ምክንያት አስወገደ፤ አባቱ የቀናውን ሃይማኖት በግልጽ እንዲመሰክር አደረገ። ከዚያም በ364 ገደማ ሁለቱን ወገኖች አስታርቆ ስለ ሰላም ሰበከ። ከዚህ የምንማረው ዕርቅ ማለት ነገሩን ሸፍኖ እጅ ለእጅ መጨባበጥ ብቻ አለመሆኑን ነው። የቆሰለው ነገር ሳይታጠብ ቢታሰር ከውስጥ ይመግላል።

ሁለተኛው ፈተና ይበልጥ የሚያሳዝን ነው፤ የመጣው ከወዳጅ ነውና። ባስልዮስ በ370 የቂሣርያ ሊቀ ጳጳስ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ንጉሠ ነገሥቱ ቫሌንስ ቀጰዶቅያን ለሁለት ከፈለው፤ የአዲሱ ክፍል ጳጳስም በባስልዮስ ሀገረ ስብከት ላይ ይገባኛል አለ። ባስልዮስ ድንበሩን ለመጠበቅ በልዩ ልዩ ቦታ ኤጲስ ቆጶሳትን ሲሾም፣ በ372 ጓደኛውን ሳሲማ በምትባል መንደር ላይ ሾመው። ሳሲማ መንገደኛ የሚያርፍባት፣ አቧራና የሠረገላ ጫጫታ የማይለያት፣ ውኃ የሌላት ቦታ ነበረች። ጎርጎርዮስ ወዳጁ ለድንበር ጠብ መሣሪያ እንዳደረገው ስለ ተሰማው አጥብቆ አዘነ፤ ምሬቱንም በደብዳቤ ገለጠለት። ወደ ሳሲማም ሄዶ አልተቀመጠም። አባቱ በ374 እስኪያርፍ ድረስ በእንዚናዙ ረዳው፤ ከዚያም ወደ ሴሌውቅያ ሄዶ በብሕትውና ተቀመጠ።

ባስልዮስ በ379 መጀመሪያ ሲያርፍ ጎርጎርዮስ ታሞ ስለ ነበር ለቀብሩ አልደረሰም። ከጊዜ በኋላ ግን ስለ ወዳጁ ረጅም የመታሰቢያ ንግግር አደረገ፤ ባስልዮስን የሚያወሱ ሁሉ እስከ ዛሬ ይመለሱበታል። በዚህ ንግግር የሳሲማን ነገር አልደበቀም፤ ሐዘኑንም እንደ ረሳው አላስመሰለም። ነገር ግን አንዲት ቅሬታ የብዙ ዓመት ፍቅርንና የወዳጁን ታላቅነት እንድትሸፍን አልፈቀደላትም። እኛ አንድ ወንድማችን ባስቀየመን ቀን ከዚያ በፊት የሠራውን መልካም ነገር ሁሉ እንሰርዛለን። ቅዱሱ ግን ቅሬታውንም ፍቅሩንም በየቦታው አስቀመጠ።

በዚያው በ379 የቁስጥንጥንያ ኦርቶዶክሳውያን ጎርጎርዮስን ጠሩት። በዚያች ታላቅ ከተማ አርዮሳውያን አብያተ ክርስቲያናቱን ሁሉ ይዘው 40 ዓመት ያህል ሆኗቸው ነበር። የኒቅያን ሃይማኖት የያዙት ጥቂቶች እረኛም ቤተ መቅደስም አልነበራቸውም። ጎርጎርዮስ በዘመዱ ቤት ውስጥ ትንሽ የጸሎት ቤት ከፍቶ አናስታስያ ብሎ ሰየማት፤ ትንሣኤ ማለት ነው። የሞተ የመሰለው ሃይማኖት በርግጥም ከዚያች ቤት ተነሣ። በዚያው ዓመት በትንሣኤ ሌሊት ግን ሕዝብ ተሰብስቦ መጥቶ በድንጋይ ደበደባቸው። ከወዳጆቹ አንዱ ጥፋተኞቹ በፍርድ ቤት እንዲቀጡ ሲፈልግ፣ ጎርጎርዮስ ይቅርታ እንደሚበልጥ መክሮ ጻፈለት። ሕጉ ይፈቅድ ነበር፤ እርሱ ግን ልባቸውን እንጂ ቅጣታቸውን አልፈለገም።

በ380 ስለ መለኮት የሰጣቸው አምስት ትምህርቶች ስሙን በዓለም ሁሉ አስጠሩት። ከነዚህ በመጀመሪያው ያስጠነቀቀው የሚያስገርም ነው። ስለ እግዚአብሔር መከራከር ለሁሉም ሰው፣ በሁሉም ጊዜና በሁሉም ፊት የሚገባ እንዳልሆነ አስተማረ። በከተማይቱ ሃይማኖት የግብዣና የገበያ ወሬ ሆኖ ነበርና፣ ተከራካሪው አስቀድሞ ራሱን እንዲያነጻ መከረ። ይህን ያለው ከሁሉ ይልቅ መከራከር የሚችለው ሰው ነው።

በዚያው ዓመት ሌላ መከራ ደረሰበት። መክሲሞስ የሚባል ሰው ወዳጅ መስሎ ቀረበው፤ ጎርጎርዮስም በማዕዱ አስቀመጠው፤ በሕዝብ ፊትም አመሰገነው። ይህ ሰው ግን ከግብፅ በመጡ ጳጳሳት አማካይነት በሌሊት በስውር በጎርጎርዮስ ፈንታ ሊሾም ሞከረ። ነገሩ ታውቆ ተባረረ። ጎርጎርዮስ አፍሮ ከከተማይቱ ሊወጣ ቢያስብም ሕዝቡ ለምኖ አስቀረው። በኅዳር 380 ንጉሠ ነገሥቱ ቴዎዶስዮስ ወደ ከተማይቱ ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን ለኦርቶዶክሳውያን መለሰ፤ ጎርጎርዮስንም ወደ ታላቁ ቤተ ክርስቲያን ራሱ አስገባው። በነዚያ ቀናት አንድ ወጣት ሊገድለው ወደ ታመመበት ክፍል ገብቶ ነበር። ወጣቱ ግን ልቡ ተሰብሮ ከእግሩ ሥር ወድቆ አለቀሰ። ቅዱሱም ይቅር ብሎ አሰናበተው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በ381 በቁስጥንጥንያ 150 ኤጲስ ቆጶሳት ተሰበሰቡ። ስለ መንፈስ ቅዱስ የሳተውን የመቅዶንዮስን ትምህርት ያወገዘው፣ ዛሬ በቅዳሴ የምንደግመው ጸሎተ ሃይማኖት የሚታሰብበት ጉባኤ ይህ ነው። ጉባኤው የጎርጎርዮስን ሹመት አጸና። ሊቀ መንበሩ የአንጾኪያው ሜሊጦስ ግን በጉባኤው መካከል ዐረፈ፤ ጎርጎርዮስም በእርሱ ፈንታ ሰብሳቢ ሆነ።

በአንጾኪያ ከ362 ጀምሮ አንድ ሃይማኖት ያላቸው ሁለት ጳጳሳት ነበሩ፤ ሜሊጦስና ጳውሊኖስ። የምሥራቅ አባቶች ከሜሊጦስ፣ ሮምና እስክንድርያ ከጳውሊኖስ ጋር ነበሩ። ሜሊጦስ ሲያርፍ ጎርጎርዮስ ለጉባኤው ሐሳብ አቀረበ፤ ሽማግሌው ጳውሊኖስ ብቻውን በመንበሩ ይቀመጥ፤ ሲያርፍም ሁሉም ተስማምተው አንድ ሰው ይሹሙ አለ። በዚህ መንገድ ጠቡ ያለ አሸናፊና ያለ ተሸናፊ ያልቅ ነበር። ወጣቶቹ ጳጳሳት ግን በታላቅ ጩኸት ተቃወሙት፤ ሽማግሌዎቹም ተከተሉአቸው። ለምሥራቅ የሚሆነውን ለምዕራብ ለምን እንሰጣለን የሚል ስሜት ነበረባቸው። ፍላብያኖስ በሜሊጦስ ፈንታ ተሾመ፤ መለያየቱም ቀጠለ። ሮምና እስክንድርያ ከፍላብያኖስ ጋር የታረቁት በ398 ገደማ፣ ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ በሆነ ጊዜ ነው። አንድ ጉባኤ ጥቂት መታገሥ ቢችል ኖሮ ይህ ሁሉ ዘመን ባላለፈ ነበር።

ዘግይተው የደረሱት የግብፅና የመቄዶንያ ጳጳሳት ደግሞ ሌላ ጥያቄ አነሡ። የኒቅያ ቀኖና ኤጲስ ቆጶስ ከአንድ መንበር ወደ ሌላ እንዳይዛወር ይከለክላል፤ ጎርጎርዮስም አስቀድሞ የሳሲማ ነበር አሉ። ጎርጎርዮስ መከራከር ይችል ነበር። በሳሲማ አንድ ቀን እንኳ በመንበር አልተቀመጠም፤ ጉባኤው ሹመቱን አጽንቶለታል፤ ንጉሡና ሕዝቡም ከእርሱ ጋር ናቸው። እርሱ ግን ራሱን ከዮናስ ጋር አስተያይቶ፣ መርከቢቱ የምትድን ከሆነ እርሱ ወደ ባሕር ይጣል ብሎ መንበሩን ለቀቀ። ንጉሠ ነገሥቱም እያዘነ ፈቀደለት፤ በቦታው ኔቅጣርዮስ ተሾመ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። በአናስታስያ ድንጋይ ሲወረወርበት ያልሸሸ ሰው አሁን ለምን ወጣ? ያን ጊዜ የተነካው ሃይማኖት ነበር፤ አሁን የተነካው የእርሱ ወንበር ነው። በሃይማኖት ጉዳይ አንዲት ቃል አልለቀቀም፤ በክብሩ ጉዳይ ግን መንበሩን ሁሉ ለቀቀ። እኛ ብዙ ጊዜ የምናደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ትምህርተ ሃይማኖት ሲነካ ዝም እንላለን፤ የሊቀ መንበርነት ምርጫ፣ የመዝሙር መሪነት ወይም የገንዘብ ያዥነት ሲነካ ግን ወገን ለይተን እንሰለፋለን። ያም ሳይበቃን የግል ቅሬታችንን የሃይማኖት ልብስ አልብሰን እናቀርበዋለን።

ይህ የሩቅ ዘመን ታሪክ ብቻ አይደለም። በእኛም ቤተ ክርስቲያን ከ1992 ወዲህ በመንበረ ፓትርያርክ ምክንያት አባቶች በአገር ቤትና በስደት ተለያይተው ነበር። ሃይማኖቱ አንድ፣ ቅዳሴውም አንድ ሳለ፣ በውጭ አገር የሚኖሩ የአንድ ከተማ ምእመናን በማን ስም እንጸልይ በሚለው ተከፍለው ኖሩ። በሐምሌ 2018 በዋሽንግተን ዕርቅ ሲወርድ አቡነ መርቆሬዎስ ወደ አገራቸው ተመልሰው በጸሎትና በቡራኬ፣ አቡነ ማትያስ ደግሞ በአስተዳደር እንዲያገለግሉ ተወሰነ። ጎርጎርዮስ ለአንጾኪያ እንደ ተመኘው፣ አንዱ አሸንፎ ሌላው ተዋርዶ ሳይሆን ሁለቱም ተከብረው ነገሩ አለቀ። ለዚህ ግን ከሩብ ምዕት ዓመት በላይ ፈጀ።

ጎርጎርዮስን ፍጹም ሐዘን የማያውቅ አድርገን አናቅርበው። ከለቀቀ በኋላ በግጥሞቹና በደብዳቤዎቹ ብዙ አማርሯል፤ የጳጳሳትን ስብሰባም እንደሚሸሽ ጽፏል። ሰላምን የመረጠ ሰው ቍስል የለውም ማለት አይደለም። ነገር ግን አኩርፎ ሌላ ጉባኤ አላቆመም፤ ተከታዮቹንም በተተኪው ላይ አላስነሣም። ይህ ከሁሉ ይበልጣል፤ ቦታ ለቅቆ ወገን ይዞ መውጣት ሰላም ሳይሆን ሌላ መለያየት ነውና። ወደ እንዚናዙ ተመልሶ እስከ 383 ድረስ እረኛ ያጣችውን የአባቱን ቤተ ክርስቲያን አገለገለ። ከዚያም በትውልድ መንደሩ ሲጸልይና ሲጽፍ ቆይቶ በ390 ገደማ ዐረፈ። በዚያ ጉባኤ የጮኹትን የብዙዎቹን ስም ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ መንበሩን የለቀቀው ግን የቤተ ክርስቲያን መምህር ሆኖ ይኖራል።

ውድ ወንድሞችና እኅቶች! በማኅበራችን አለመግባባት በተነሣ ጊዜ አስቀድመን አንድ ጥያቄ ራሳችንን እንጠይቅ፤ የተነካው ሃይማኖታችን ነው ወይስ ወንበራችን? ሃይማኖታችን ከሆነ በፍቅርና በእውቀት እንጽና። ወንበራችን ከሆነ ግን ለወንድማችን እንልቀቅለት፤ ለቀንም በማግሥቱ ከነበርንበት ዝቅ ብለን ለማገልገል እንምጣ።

የቅዱስ ጎርጎርዮስ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።