ድምፅን በቍጥር የጻፉት መሐንዲስ

ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በተቀመጠችው በላሊበላ ከተማ አንዲት እናት አዲስ አበባ ካለው ልጃቸው ጋር በቴሌፎን ሲነጋገሩ፣ የልጁ ድምፅ ከጐናቸው እንደ ተቀመጠ ሰው ጥርት ብሎ ይሰማቸዋል። ይህ ዛሬ እንደ ተራ ነገር ተቈጥሯል። ዳሩ ግን የላስታን ተራራና ገደል አቋርጦ የመጣው ድምፅ፣ ድምፅ ሆኖ አልመጣም፤ ቍጥር ሆኖ መጣ እንጂ። የሰው ድምፅ ወደ ቍጥር ተለውጦ ሊላክ እንደሚችል አስበው መንገዱን ያሳዩት እንግሊዛዊው መሐንዲስ አሌክ ሪቭስ ናቸው። ስማቸው በቴሌፎን ሙያ በሠለጠኑ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ስለ ሆነ፣ የሕይወታቸውን ታሪክ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ባጭሩ እናቀርባለን። የውጭ አገሩን ዘመን በአውሮፓውያን፣ የአገራችንን በራሳችን አቈጣጠር ጽፈናል።

ሚስተር ሪቭስ በማርች 10 ቀን 1902 በእንግሊዝ አገር፣ ሰሪ በሚባለው አውራጃ፣ ሬድሂል በተባለች ከተማ ተወለዱ። በሎንዶን የምሕንድስና ትምህርታቸውን ከፈጸሙ በኋላ በ1923 በአንድ የቴሌፎን መሣሪያ ኩባንያ ተቀጠሩ። ኩባንያው በዚያን ጊዜ አትላንቲክን ውቅያኖስ በራዲዮ አሻግሮ ሰውን ከሰው ለማነጋገር ይደክም ነበርና ወጣቱ መሐንዲስ ከሠራተኞቹ አንዱ ሆኑ። በ1927 ሎንዶንና ኒውዮርክ በራዲዮ ቴሌፎን ተገናኙ። ከዚያም ሚስተር ሪቭስ ወደ ፓሪስ ተዛውረው በኩባንያው የምርምር ክፍል ብዙ ዓመታት ሠሩ።

በዚያ ዘመን የቴሌፎን መሐንዲሶች ትልቁ ጠላት ጫጫታ ነበር። ድምፅ በሽቦ ረጅም መንገድ ሲጓዝ ይደክማል፤ ስለዚህ በየመንገዱ የሚያበረታው መሣሪያ ይተከልለታል። መሣሪያው ግን ድምፁን ብቻ ለይቶ ማበርታት አይችልም፤ በሽቦው ላይ የገባውን ሹክሹክታና ጩኸት ሁሉ አብሮ ያበረታዋል። መንገዱ በረዘመ ቍጥር ጫጫታው እየተከማቸ ንግግሩን ይውጠዋል። ሌሎች መሐንዲሶች የተሻለ ማበርቻ ለመሥራት ሲደክሙ፣ ሚስተር ሪቭስ በ1937 ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ሐሳብ መጣላቸው። በ1938 በፈረንሣይ አገር የባለቤትነት መብቱን አስመዘገቡ።

ሐሳቡን ለመረዳት ወደ ላስታ ገዳማት መመለስ ይበቃል። ብራና የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ የሻማ ጠብታ የወደቀበትን፣ ጭስ ያጠቈረውን አሮጌ መጽሐፍ ከፊቱ አድርጎ ሲጽፍ፣ ጠብታውንና ጥላሸቱን አይገለብጥም። የሚገለብጠው ፊደሉን ነው። ፊደላቱ የታወቁና የተቈጠሩ ስለ ሆኑ፣ ቀለሙ የደበዘዘውን ሀ ሀ መሆኑን ከለየ በኋላ በአዲስ ቀለም አጥርቶ ይጽፈዋል። መጽሐፉ መቶ ጊዜ ቢገለበጥ፣ ፊደሉ እስከ ተለየ ድረስ መቶኛው እንደ ፊተኛው ንጹሕ ይሆናል። ሚስተር ሪቭስም ለድምፅ ፊደል አወጡለት። ፊደሉም ሁለት ብቻ ነው፤ የኤሌክትሪክ ምት አለ፣ ወይም የለም። በመንገድ ላይ ያለው መሣሪያ ምቱ መኖሩንና አለመኖሩን ብቻ ይጠይቃል፤ ካለ ደግሞ አዲስና ንጹሕ ምት አድርጎ ያሳልፈዋል። ጫጫታው እዚያው ይቀራል።

አሠራሩ በኋላ በዓለም ሁሉ በተደነገገው ልክ እንዲህ ነው። የድምፁ ሞገድ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 8,000 ጊዜ ይለካል። እያንዳንዱ ልክ ከ256 ደረጃዎች በአንዱ ይመደባል፤ ደረጃውም በስምንት ምልክቶች ይጻፋል። እንግዲህ አንድ ሰው አንድ ሴኮንድ ሲናገር 64,000 ምልክቶች ይላካሉ ማለት ነው።

ሐሳቡ እውነተኛ ቢሆንም ዘመኑ ገና አልደረሰለትም ነበር። ይህን ሁሉ ልኬትና ጽሕፈት የሚፈጽም የመስተዋት ቫልቭ ትልቅ፣ ውድና ቶሎ የሚቃጠል ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካውያን በ1943 በዚህ ዘዴ የሚሠራ የምስጢር ቴሌፎን ቢሠሩ፣ አንዱ መሣሪያ ከ50 ቶን በላይ መዘነ። ለመንግሥታት መሪዎች እንጂ ለተራው ሰው የሚሆን አልነበረም።

ሚስተር ሪቭስ ግን በሐሳባቸው አልተጨነቁም፤ ወደ ሌላው ሥራ ዐለፉ። ጀርመኖች በ1940 ፓሪስን ሲይዙ ወደ አገራቸው ተመልሰው፣ ከባልደረባቸው ከዶክተር ፍራንክ ጆንስ ጋር ኦቦ የተባለውን አውሮፕላን መሪ የራዲዮ መሣሪያ ሠሩ። ሁለት የምድር ጣቢያዎች የአውሮፕላኑን ርቀት እየለኩ በጨለማና በደመና ውስጥ ወደ ዒላማው ይመሩት ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ በ1947 በአሜሪካ ትራንዚስተር ተፈጠረ፤ ያን ጊዜ ቁም ጸሐፊው ብራናውን አገኘ። በ1962 የአሜሪካ የቴሌፎን ኩባንያ በቍጥር የሚሠራውን መስመር ለሕዝብ አገልግሎት አዋለው። ነገር ግን የሚስተር ሪቭስ የባለቤትነት መብት ዘመኑ ዐልፎበት ነበርና፣ ዓለም በሐሳባቸው ሲበለጽግ እርሳቸው ከዚያ ሀብት አላገኙም።

ቀጥሎ የመጣው ማዞሪያው ራሱ ነው። ቀድሞ በገጠር ከተሞቻችን ቴሌፎን በኦፕሬተር እጅ፣ ገመድ እየተሰካ ይገናኝ ነበር። በ1970 በፈረንሣይ አገር ፔሮ ጊሬክ በተባለች ከተማ ድምፅን በቍጥር የሚያገናኝ ማዞሪያ ሥራ ጀመረ። በእንዲህ ያለው ማዞሪያ ውስጥ ገመድ ሰኪ የለም፤ በብረት መደርደሪያ ላይ እንደ መጻሕፍት የቆሙ ካርዶች አሉ። የደንበኛው ካርድ ለቤቱ ስልክ የ48 ቮልት ኀይል ይሰጣል፣ ደወል ይደውላል፣ እጀታው መነሣቱን ያያል፣ ከመብረቅ ይከላከላል፣ ድምፁንም ቍጥር አድርጎ ይጽፋል። ሌላው ካርድ የአንዱን ቍጥር ተቀብሎ በሌላው ተራ ላይ ያስቀምጠዋል፤ መገናኘት ማለት ይህ ብቻ ነው። የሚያዘው የአእምሮ ካርድ ብዙውን ጊዜ ጥንድ ነው፤ አንደኛው ሲሠራ ሁለተኛው ይጠብቃል። የደንበኞች ካርድ ቢበላሽ ማዞሪያው ሳይቆም ተነቅሎ በሌላ ይተካል። ሆኖም አቧራ፣ ሙቀትና ከሠራተኛው እጅ የሚወጣ የማይታይ ኤሌክትሪክ እንኳ ያጠፉታልና፣ ሠራተኛው ከመሬት የተያያዘ ማሰሪያ በክንዱ አስሮ ይነካዋል።

ሚስተር ሪቭስ ይህን ሁሉ ሲጀመር አይተዋል። በ1969 የእንግሊዝ መንግሥት የክብር ኒሻን ሸለማቸው፤ በዚያው ዓመትም የአገሪቱ ፖስታ ቤት ሐሳባቸውን የሚያሳይ ቴምብር አወጣ። እርሳቸው ግን ቴሌፎንን በሽቦ ሳይሆን በብርሃን ስለ መላክ ማሰብ ጀምረው ነበር። በሚሠሩበት የምርምር ቤት ቻርልስ ካኦና ጆርጅ ሆክሃም በ1966 ብርሃን በቀጭን መስተዋት ውስጥ ሩቅ ሊጓዝ እንደሚችል አሳዩ፤ ዶክተር ካኦ በ2009 የኖቤል ሽልማት አገኙበት። ሚስተር ሪቭስ በኦክቶበር 13 ቀን 1971 በ69 ዓመታቸው ዐረፉ።

ይህን ታሪክ በላስታ ሰው ፊት ስናነሣ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ በደረሰ ጊዜ የስልክ አገልግሎት ተቋርጦ ሕዝቡ ለወራት ከሌላው ተለየ። በአዲስ አበባና በውጭ አገር ያሉ የላስታ ልጆች ወላጆቻቸው በሕይወት መኖራቸውን ሳያውቁ ሰነበቱ። ጥርት ያለ ድምፅ መስማት ምን ያህል ጸጋ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ታወቀ። ሚስተር ሪቭስ ጫጫታን አሸነፉ፤ ዝምታን ማሸነፍ ግን የመሐንዲስ ሥራ ብቻ አይደለም፤ የሰላምም ሥራ ነው።

ለወጣቶቻችንም የሚተርፍ ምክር አለው። ካርዱ ከባሕር ማዶ ተሠርቶ ይመጣል፤ የሚነቅለውና የሚተክለው እጅ ግን የእኛ ልጅ እጅ ነው። ነቅሎ መትከልን የቻለ እጅ ውስጡን ከፍቶ መጠገንን፣ ቀጥሎም መሥራትን ሊማር ይገባዋል። ሐሳብ ዘመኑ እስኪደርስለት መጠበቅን ከኚህ ሰው አይተናል፤ ትምህርት ግን ዛሬ ካልተጀመረ ዘመኑ ሲደርስ የሚቀበለው ሰው አይገኝም።