ሺካጎን ስለ ቈረቈረው ስለ ዱ ሳብል

በሰሜን አሜሪካ በሚሺጋን ሐይቅ ዳር ያለችው ሺካጎ ከዓለም ታላላቅ ከተሞች አንዲቱ ናት። ከአገሩ ነባር ነገዶች ቀጥሎ በዚያ ስፍራ ቤት ሠርቶ ንብረት ያቋቋመው ግን ዣን ባቲስት ፑዋን ዱ ሳብል የሚባል ጥቁር ሰው ነው። (ዓመቶቹ ኹሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ዱ ሳብል ቋንቋው ፈረንሳይኛ፥ ሃይማኖቱ ካቶሊክ፥ ሥራው ንግድ ነበረ። በ1779 እንግሊዞች ከአሜሪካውያን ጋራ ሲዋጉ፥ ለጠላት ያደላል ብለው ጠርጥረው ያዙት። ነገር ግን ያስያዘው መኰንን ራሱ የጠባዩን መልካምነት መሰከረለት፤ በ1780ም የእንግሊዝ ሹም የርስቱ ጠባቂ አደረገው።

ሚስቱ ኪቲሃዋ ከፖታዋቶሚ ነገድ የተወለደች ነበረች፤ የክርስትና ስሟም ካትሪን ነው። ዣንንና ሱዛንን ወለዱ። በነገዱ ልማድ የቈየውንም ጋብቻቸውን በ1788 ካሆኪያ ድረስ ወርደው በካህን ፊት አጸኑት። ይህ መንገድ ከ400 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ቢተወው ማንም የሚጠይቀው አልነበረም።

በ1800 ንብረቱን ዣን ላሊም ለሚባል ሰው በ6,000 ሊቭር ሸጠ። በሽያጩ ውል የተዘረዘረው ይህ ነው፤ ርዝመቱ 40፥ ወርዱ 22 ጫማ የኾነ ቤት፥ ወፍጮ፥ የዳቦ መጋገሪያ፥ የወተት ቤት፥ ሥጋ በጢስ የሚደርቅበት ቤት፥ ጋጣ፥ 30 የቀንድ ከብት፥ 38 ዐሣማ፥ 44 ዶሮ። አላፊ አግዳሚ አዳኝ ወፍጮ አይተክልም። ቤቱ ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ ጆን ኪንዚ እጅ ገባ፤ ከዚያም ወዲህ ሕዝቡ የሺካጎ አባት እያለ ብዙ ዘመን የጠራው ኪንዚን ነው። ቤት የገዛ ሰው የሠሪውንም ስም አብሮ የገዛ ይመስል ነበር።

ዱ ሳብል ግን ሚዙሪ ውስጥ ወደ ሴንት ቻርልስ ሄዶ ተቀመጠ። በ1813 ሲያረጅ ቤቱን ኡላሊ ባራዳ ለምትባል ሴት አወረሰ፤ ውሉም እስኪሞት እንድትጦረው፥ ሲሞትም በካቶሊኮች መቃብር እንድታስቀብረው ነው። በ1818 ነሐሴ 28 ቀን ዐረፈ፤ እንደ ውሉም በዚያ ተቀበረ። ነገር ግን የቀበረው ካህን በመዝገቡ የወላጆቹንም የአገሩንም ስም ሳይጽፍ ጥቁር ብሎ ብቻ አለፈው። ካህን በመዝገብ ያልጻፈውን ማን ያስታውሰዋል?

መቃብሩ ነው በተባለው ስፍራ የመታሰቢያ ድንጋይ የቆመው በ1968 ነው። በ2010 በቀድሞው ቤቱ አጠገብ ያለው የሺካጎ ወንዝ ድልድይ፥ በ2021ም በሐይቁ ዳር የሚያልፈው ታላቁ ጐዳና በዱ ሳብል ስም ተሠየሙ።